ከትምህርት ቤት መድረክ እስከ ሸንጎ
የወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ሕይወትና የቴአትር ሥራ

የኢትዮጵያ ሕዝብ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን በራሱ ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ የመረጠው በ1950 ዓ.ም. መባቻ ነው። ምርጫው የተካሄደው በ1948 ዓ.ም. ተሻሽሎ በወጣው ሕገ መንግሥት መሠረት ሲሆን፣ የአዲስ አበባ ሕዝብ ወደ ሸንጎው ከላካቸው እንደራሴዎች መካከል ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ይገኙበት ነበር። በሀገሪቱ ታሪክ በሕዝብ ተመርጠው ፓርላማ የገቡ የመጀመሪያዋ ሴት በመሆናቸው ስማቸው ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ከዚህ ቀዳሚነት ጋር ተያይዞ ሲነሣ ኖሯል። ይሁን እንጂ ይህ ዝና ከእርሱ በፊት የነበረውንና ለእርሱም መሠረት የሆነውን ሌላ ሥራ ሸፍኖታል። ወይዘሮ ስንዱ እንደራሴ ከመሆናቸው አስቀድሞ መምህርት፣ የትምህርት ቤት ዲሬክትሪስ፣ ጸሐፌ ተውኔትና የቴአትር አዘጋጅ ነበሩ። በአደባባይ ድምፅን ከፍ አድርጎ መናገር ለሴት ልጅ እንደ ነውር በሚቆጠርበት ዘመን ልጃገረዶችን በመድረክ ላይ አቁመው ያናገሩ ሴት ናቸው። የሕይወታቸው ታሪክ በሚወሳበት ጊዜ ይህ ሥራቸው ከዳር ሳይሆን ከመካከል ሊቀመጥ ይገባዋል።

ወይዘሮ ስንዱ የተወለዱት በጥር ወር 1908 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በሚገኘው በአዲስ ዓለም አካባቢ ነው። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ በዘመኑ ከነበሩት ጥቂት የውጭ ሀገር ትምህርት ያላቸው ኢትዮጵያውያን አንዱ ነበሩ። የጎንደር ተወላጅ ሲሆኑ በልጅነታቸው ከሚሲዮናውያን ጋር ተገናኝተው እስከ ስዊዘርላንድ ዘልቀው የተማሩ፣ የአውሮጳ ቋንቋዎችን የሚያውቁ፣ በኋላም የጎንደርና የአዲስ አበባ ከንቲባ ሆነው የሠሩ ሰው ናቸው። በ1911 ዓ.ም. ከደጃዝማች ናደውና ከብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ጋር ወደ አሜሪካ ከተላከው የኢትዮጵያ መልእክተኛ ቡድን ውስጥም ነበሩበት። እንዲህ ያለ አባት ለሴት ልጁ የሚመኝላት እንደ ዘመኑ ልማድ ዕድሜዋ ሳይደርስ መዳርን ብቻ አልነበረም። ስለዚህም ስንዱ በልጅነታቸው ከእኅታቸው ጋር ወደ ስዊዘርላንድ ተላኩ።

በዚያን ጊዜ አንዲት ኢትዮጵያዊት ልጃገረድ ባሕር ተሻግራ ትማር ዘንድ መላኳ እጅግ ብርቅ ነገር ነበር። የወንዶች ልጆች ወደ ውጭ ሀገር መላክ እንኳ በካህናቱና በመሳፍንቱ ዘንድ በጥርጣሬ የሚታይበት ዘመን ነው። ስንዱ ፈረንሳይኛ በሚነገርበት የስዊዘርላንድ ክፍል ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ተምረው በ1925 ዓ.ም. ገደማ ወደ ሀገራቸው ተመለሱ። በትምህርት የቀሰሙት የአውሮጳ ሥነ ጽሑፍ ለቴአትር ከፍ ያለ ቦታ የሚሰጥ ነበር፤ በዚያ ባህል ተውኔት በመጽሐፍ የሚነበብ ብቻ ሳይሆን ተማሪ በቃሉ አጥንቶ በጓደኞቹ ፊት የሚያሳየው ትምህርት ነው።

ሲመለሱ ያገኙት የኢትዮጵያ ቴአትር ገና ጨቅላ ነበር። በ1910ዎቹ መጀመሪያ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የአውሬዎችን ተረት መነሻ አድርገው የጻፉት ተውኔት ለመኳንንቱ ታይቶ፣ በቤተ መንግሥቱ አሠራር ላይ ያነጣጠረ ትችት አለበት በመባሉ ታገደ። ከዚያ ወዲህ የቴአትር ጥበብ የተጠጋው ወደ ትምህርት ቤቶች ነበር። እነ ዮፍታሔ ንጉሤና መላኩ በጎሰው መምህራን ነበሩ፤ ተዋንያናቸው ተማሪዎቻቸው፣ ቴአትር ቤታቸው የትምህርት ቤቱ አዳራሽ፣ ተመልካቾቻቸውም ንጉሠ ነገሥቱ፣ መኳንንቱና የተማሪዎች ወላጆች ነበሩ። በኋላ ሀገር ፍቅር ማኅበር በ1927 ዓ.ም. ተቋቁሞ የሕዝብ መድረክ እስኪሆን ድረስ፣ ከዚያም በ1948 ዓ.ም. የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር እስኪከፈት ድረስ፣ የኢትዮጵያ ቴአትር ዋና ማደጊያው ትምህርት ቤት ነበር ማለት ይቻላል። በዚህ መድረክ ላይ ግን ሴት አልነበረችም። የእናት፣ የሚስት ወይም የንግሥት ሚና ሲኖር ወንድ ልጅ ቀሚስ ለብሶ፣ ሻሽ አስሮ ይጫወተው ነበር። ይህ ልማድ ከጦርነቱ በኋላም በሕዝብ መድረኮች ላይ እነ አስናቀች ወርቁ በ1940ዎቹ እስኪታዩ ድረስ ቆይቷል።

ስንዱ ከውጭ ሀገር በተመለሱ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የኢጣልያ ወረራ መጣ። የማይጨው ጦር ከተፈታና ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ስደት ከሄዱ በኋላ በምዕራብ ኢትዮጵያ የተማሩ ወጣቶች፣ የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ዕጩ መኮንኖችና የጦር ሰዎች በነቀምት ተሰብስበው የጥቁር አንበሳን ማኅበር መሠረቱ። የማኅበሩ መሪ የእንስሳት ሐኪሙ ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ነበሩ። ስንዱም በምዕራብ ከነበረው ከዚህ የአርበኞች ወገን ጋር ተሰለፉ። ማኅበሩ ከልዑል ራስ እምሩ ጋር ሆኖ ሲዋጋ ቆይቶ፣ በ1929 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር በጎጀብ ወንዝ አካባቢ ተከቦ እጁን ለመስጠት ተገደደ። በዚያው ዓመት የካቲት 12 ቀን በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ የተፈጸመው ጭፍጨፋ የታወቀ ነው። ከጭፍጨፋው ተርፈው የተያዙ ብዙ ኢትዮጵያውያን ወደ ኢጣልያ ተግዘዋል፤ ከእነርሱ መካከል ከሰርዴኛ በስተ ሰሜን ምዕራብ ባለችው በአዚናራ ደሴት የታሰሩት ወንዶች፣ ሴቶችና ሕፃናት ይገኙበታል። ስንዱ ገብሩም ከአዚናራ ግዞተኞች አንዷ ሆኑ።

አዚናራ ስፋቷ ከ50 ካሬ ኪሎ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ፣ ነፋስ የሚመታት ድንጋያማ ደሴት ናት። ቀድሞ ተላላፊ በሽታ አለባቸው የሚባሉ መርከበኞች ተለይተው የሚቆዩባት ስትሆን፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጦር ምርኮኞች ሠፈር ነበረች። ከደጋ ሀገር የሄዱት ኢትዮጵያውያን የማያውቁት አየርና በሽታ፣ ናፍቆትና መሰልቸት ተደራርቦባቸው ነበር። በአውሮጳ የተማሩት ስንዱ ያን ክፍለ ዓለም በልጅነታቸው እንደ ተማሪ፣ በወጣትነታቸው ደግሞ እንደ እስረኛ አዩት። ከዚያ በኋላ በጻፏቸው ሥራዎች ውስጥ የአርበኝነትና የነጻነት ጉዳይ ደጋግሞ መነሣቱ ከዚህ ሕይወት የመጣ እንጂ የዘመኑን ፋሽን ለመከተል የተደረገ አልነበረም።

ሀገሪቱ ነጻ ከወጣች በኋላ የትምህርት ሥራ ከዜሮ መጀመር ነበረበት ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከጦርነቱ በፊት የተማሩት ጥቂቶች አብዛኞቹ ተገድለዋል፤ መጻሕፍት ጠፍተዋል፤ ሕንጻዎች የጦር ሠፈር ሆነው ቆይተዋል። ወይዘሮ ስንዱ በመጀመሪያ በደሴ በትምህርት ሥራ ካገለገሉ በኋላ ወደ አዲስ አበባ መጥተው በእቴጌ መነን ትምህርት ቤት አስተማሩ፤ ከዚያም የትምህርት ቤቱ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ዲሬክትሪስ ሆኑ። ይህ ትምህርት ቤት ከወረራው አራት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ በእቴጌ መነን ስም ለሴቶች ልጆች የተከፈተ ሲሆን፣ እስከዚያ ድረስ የሚመራው በውጭ ሀገር ሰዎች ነበር። ኢትዮጵያዊት ሴት በዲሬክትሪስነት ወንበር ላይ መቀመጧ ለተማሪዎቹ ራሱን የቻለ ትምህርት ነበር። ወላጆች ሴት ልጅ ተምራ ምን ትሆናለች ብለው ለሚጠይቁት ጥያቄ የሚታይ መልስ ተገኘ።

ወይዘሮ ስንዱ በዚህ ቦታ ላይ ሆነው ነው ቴአትርን የትምህርት ቤታቸው ዋና መሣሪያ ያደረጉት። ተውኔቶቹን ራሳቸው ይጽፋሉ፤ ተማሪዎቹን ራሳቸው ያሠለጥናሉ፤ ሥራውም በትምህርት ቤቱ በዓል ንጉሠ ነገሥቱና ሌሎች እንግዶች በተገኙበት ይታያል። ትምህርት ቤቱ የሴቶች በመሆኑ መድረኩም የሴቶች ነበር። በሌላው መድረክ ወንድ የሴትን ልብስ ለብሶ በሚጫወትበት ዘመን፣ በእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ልጃገረዶች ስለ ሀገር፣ ስለ ጦርነትና ስለ ነጻነት በራሳቸው አንደበት ይናገሩ ነበር።

የዚህን ሥራ ክብደት ለመመዘን የትምህርት ቤት ቴአትር እንዴት እንደሚዘጋጅ ማስታወስ ያስፈልጋል። መጀመሪያ ተውኔቱ በጋራ ይነበባል፤ ቃሉ ያልገባው ተማሪ ይጠይቃል። ቀጥሎ ሚና ይከፋፈላል። ተማሪዋ ድርሻዋን በቃሏ ታጠናለች። ከዚያ በኋላ ዋናው ልፋት ይመጣል፤ መቆም፣ መራመድ፣ ፊትን ወደ ተመልካች ማዞር፣ ድምፅን ከሆድ አውጥቶ እስከ አዳራሹ መጨረሻ ማድረስ፣ ሌላው ሲናገር ማዳመጥ፣ ቃል ሲጠፋ ሳይደነግጡ መቀጠል። በባህላችን ለጨዋ ልጅ የተሰጠው መመሪያ የዚህ ተቃራኒ ነው። ጨዋ ልጃገረድ ዓይኗን ትሰብራለች፤ ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች፤ ታላላቆች ባሉበት ካልተጠየቀች አትናገርም፤ ስትስቅም አፏን በነጠላዋ ትሸፍናለች። እንግዲህ አንዲት የአሥራ አራት ወይም የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ በንጉሠ ነገሥቱና በመኳንንቱ ፊት ቀጥ ብላ ቆማ ረጅም ንግግር ስታሰማ፣ የተለወጠው የምሽቱ መዝናኛ ብቻ አይደለም። አባትዋ ከተመልካቾቹ መካከል ተቀምጦ ከሆነ፣ ልጁ በሰው ፊት ስትናገር መሬት አለመናዱን በዓይኑ አየ ማለት ነው።

ይህ ዘዴ ብልህነት ነበረበት። ስለ ሴቶች መብት በቀጥታ ለመናገር ቢሞከር ኖሮ ተቃውሞው ወዲያው በተነሣ ነበር። ነገር ግን ልጃገረዶቹ የሚናገሩት ስለ አርበኞች ተጋድሎና ስለ ሀገር ክብር በመሆኑ ማንም ሊነቅፈው አይችልም። ተመልካቹ የሀገሩን ታሪክ እያዳመጠ ሳለ ተናጋሪዋ ሴት መሆኗን ይለምዳል። ጉዳዩ በተውኔቱ ቃላት ውስጥ ብቻ ሳይሆን ቃላቱ ከማን አፍ እንደ ወጡ በመታየቱ ላይ ነበር።

እርግጥ ነው፣ ይህ መድረክ ወሰን ነበረው። ትምህርት ቤቱ በቤተ መንግሥቱ ጥላ ሥር ያለ፣ ከተማሪዎቹም ብዙዎቹ ከሹማምንትና ከባለጸጋ ቤተሰቦች የመጡ ነበሩ። የገበሬውና የድኻው ልጅ ከዚያ አዳራሽ ርቃ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በሚገኙበት መድረክ ላይ ዘውዱን የሚነቅፍ ተውኔት ማቅረብ የማይታሰብ ነው። የዚያ ዘመን ተውኔትም በአብዛኛው ለማስተማር የተጻፈ፣ ከሰው ጠባይ ይልቅ ሐሳብን የሚያስቀድም፣ ከጭውውት ይልቅ ወደ ንግግር የሚያደላ ነበር። ወይዘሮ ስንዱም የዘመናቸው ሰው ነበሩ። ሆኖም ሥራቸው መመዘን ያለበት በነበረው ቦታና በነበረው መሣሪያ ምን ያህል ርቀት ሄዱ በሚለው ነው። በዚያ መለኪያ ሲታይ ከብዙዎቹ ቀድመው ሄደዋል።

በ1942 ዓ.ም. የልቤ መጽሐፍ የተሰኘው ሥራቸው ታተመ። መጽሐፉ ተውኔቶችንና ግጥሞችን የያዘ ነው። በዚያን ጊዜ በአማርኛ የሚጽፉ ሴቶች በጣት የሚቆጠሩ ስለ ነበሩ፣ አንዲት ሴት የተውኔት ጽሑፎችዋን በመጽሐፍ አሳትማ ማውጣቷ በሥነ ጽሑፋችን ታሪክ ልዩ ቦታ ያለው ነገር ነው። በትምህርት ቤት መድረክ ላይ የሚታይ ተውኔት ከምሽቱ ጋር ያልፋል፤ መጋረጃው ይወርዳል፣ ልብሱ ይታጠፋል፣ ተማሪዎቹም ይበተናሉ። መጽሐፉ ግን ያን አላፊ ሥራ ከመጥፋት አዳነው። ዛሬ የኢትዮጵያ ቴአትር ታሪክ ሲጻፍ የወይዘሮ ስንዱ ስም ሊነሣ የቻለው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው።

ከትምህርት ቤቱ መድረክ ወደ ፓርላማው አዳራሽ የተደረገው ጉዞ በዚህ ዓይን ሲታይ ድንገተኛ ዝላይ አልነበረም። በሕዝብ ፊት የመናገርን ጥበብ ለዓመታት ለሌሎች ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው፣ ወንዶች በሞሉበት ሸንጎ ተነሥተው ለመናገር አያንሳቸውም። በምክር ቤቱም ምክትል ፕሬዚዳንት እስከ መሆን ደርሰዋል። እርሳቸው የምክር ቤት አባል በነበሩበት በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ወጣ። ያ ሕግ ብዙ አዳዲስ ነገሮችን ያመጣ ቢሆንም ባልን የቤተሰቡ ራስ አድርጎ ሚስት እንድትታዘዘው የሚያዝ ነበር። ሴት በሕግ አውጪው ሸንጎ ተቀምጣ ሳለ ሕጉ በቤቷ ውስጥ የበታች ያደርጋት ነበር ማለት ነው። ይህ ድንጋጌ በፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ የተለወጠው በ1992 ዓ.ም. ነው። አርባ ዓመት ፈጅቷል። ወይዘሮ ስንዱ በሰማንያዎቹ ዕድሜያቸው ላይ ሆነው ይህን ለማየት በቅተዋል።

ከፓርላማው በኋላ በዲፕሎማሲ ሥራ ተመድበው በቦን በነበረው የኢትዮጵያ ኤምባሲ በባህል ጉዳይ ኃላፊነት አገልግለዋል። ባለቤታቸው ሻለቃ አሰፋ ለማም በምዕራብ ጀርመን የኢትዮጵያ አምባሳደር ነበሩ። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ጀርመንኛ ቋንቋ የሚያውቁ፣ ከዚያ ሀገር ሰዎችም ጋር የቆየ ግንኙነት የነበራቸው በመሆኑ፣ ልጃቸው በዚያ ኢትዮጵያን ወክለው መሥራታቸው የቤተሰቡን አሮጌ መንገድ የቀጠለ ነበር።

አብዮቱ ሲመጣ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ስሙ ተለውጦ የካቲት 12 ተባለ። ስሙን የለወጡት ሰዎች ምናልባት ሳያስቡት ያለፈችውን ዲሬክትሪስ ሕይወት አስታወሱ። የካቲት 12 በ1929 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ሕዝብ የተጨፈጨፈበት፣ ተከትሎትም ስንዱን ጨምሮ ብዙዎች ወደ ባሕር ማዶ የተጋዙበት ቀን ነውና። ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ሚያዝያ 12 ቀን 2001 ዓ.ም. በዘጠና ሦስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። በዕድሜያቸው የሁለት ነገሥታትንና የአንዲት ንግሥትን ዘመን፣ የወረራን፣ የአብዮትንና የሪፐብሊክን ዘመን አይተዋል።

ከሞታቸው ወዲህ ስማቸው ሲነሣ የመጀመሪያዋ የፓርላማ አባል የሚለው ማዕርግ ይቀድማል። ማዕርጉ የሚገባቸው ነው። ሆኖም የመጀመሪያ መሆን ለአንድ ሰው ብቻ የሚደርስ ክብር ሲሆን፣ ሌሎችን ማዘጋጀት ግን ለብዙዎች የሚዳረስ ሥራ ነው። በእርሳቸው አዘጋጅነት በመድረክ ላይ የቆሙት ልጃገረዶች ሁሉ እንደራሴ ወይም ተዋናይ አልሆኑም። መምህርት፣ ነርስ፣ የቢሮ ሠራተኛና እናት ሆኑ። በሥራ ቦታቸው፣ በዕድራቸውና በቤታቸው ግን መናገርን የተማሩ ሴቶች ነበሩ።

ይህ ታሪክ ለሕንጻና ለከተማ ባለሙያዎች የሚያነሣው አንድ ጉዳይ አለ። ያ ሁሉ ሥራ የተሠራው በቴአትር ቤት ሳይሆን በትምህርት ቤት አዳራሽ ነበር። አዲስ አበባ ዛሬ በብዙ እጥፍ ሰፍታለች። በምሥራቃዊ ዳርቻዋ በቦሌ አራብሳና በመሳሰሉት ሠፈሮች የተገነቡት የጋራ መኖሪያ ቤቶች ከመሐል ከተማ ቀበሌዎች የወጡ እጅግ ብዙ ቤተሰቦችን ተቀብለዋል። እነዚህ ቤተሰቦች ቤት ሲቀይሩ ጎረቤት፣ ዕድርና የመሰብሰቢያ ቦታም ለውጠዋል። በእንዲህ ያለ ሠፈር ውስጥ እርስ በርስ የማይተዋወቁ ሰዎች በአንድ ጣሪያ ሥር ተቀምጠው የልጆቻቸውን ቴአትር ቢያዩ፣ ከብዙ ስብሰባ የበለጠ ያቀራርባቸዋል።

ለዚህ የሚያስፈልገው አዳራሽ የቅንጦት ሕንጻ አይደለም። ያለ ድምፅ ማጉያ የሚናገር ልጅ በደንብ እንዲሰማና የፊቱም ሁኔታ እንዲታይ የመጨረሻው ተቀማጭ ከመድረኩ ከ20 ሜትር ያህል ባይርቅ ይመረጣል። ለንግግር የሚሠራ አዳራሽ ውስጥ የድምፁ ማስተጋባት አንድ ሴኮንድ ገደማ እንዲሆን ማድረግ በቂ ነው፤ ከዚያ በጣም ከረዘመ ቃላቱ እርስ በርስ ይደበላለቃሉ። ቆርቆሮው ያለ ኮርኒስ ከተተወ ደግሞ በሰኔ የትምህርት መዝጊያ ጊዜ አንድ ዶፍ ዝናብ የዓመቱን ልፋት ሊያጠፋው ይችላል። ከወለሉ ስድሳ ወይም ሰማንያ ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ መድረክ፣ ሁለት የጎን በሮች፣ ልብስ የሚቀየርበት ትንሽ ክፍል ቢጨመር ሥራው ይጀመራል። ይህ ሁሉ በንድፍ ጊዜ ከታሰበበት የሚጠይቀው ወጪ ጥቂት ነው፤ ሕንጻው ካለቀ በኋላ ለማስተካከል ግን እጅግ ይከብዳል።

የትምህርት ቤት ንድፍ በሚሠራበት ጊዜ የመማሪያ ክፍል፣ የመጸዳጃ ቤትና የቢሮ ቁጥር በጥንቃቄ ይሰላል፤ አዳራሹ ግን ገንዘብ ሲያጥር በመጀመሪያ የሚሰረዝ ነገር ነው። በቀላሉ የሚሰረዘው ጥቅሙ በወረቀት ላይ ስለማይታይ ነው። ወይዘሮ ስንዱ በእቴጌ መነን ትምህርት ቤት የሠሩት ሥራ ያን ጥቅም በግልጽ ያሳያል። አንዲት ልጅ በሰው ፊት ቆማ ድምፅዋን እስከ መጨረሻው ረድፍ ማድረስ የምትማረው የምትቆምበት ቦታ ሲኖር ነው።